አንድ ቁሌት፣ ሁለት ድስት

ጥያቄ፦ «የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ሁለቱ ወንዶች ናቸው፣ ሦስተኛዋ የ16 ዓመት ሴት ልጅ ናት። ባለፈው አረፋ ያረድነውን በግ አራት ወር ሙሉ ሳር እያጨደች ያሳደገችው እሷ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥጋ በአፏ አልዞረም። ወተትና እንቁላል አትጠላም፤ ሥጋ ግን ሽታውንም አትችለው። ባለቤቴ ‹ደሟ ሊያልቅ ነው› ይላል። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት፤ ‹ይቺ ልጅ ጾም ያዘች እንዴ? ማን ሰበካት?› እያሉ ቤቱን ያምሱታል። ባለፈው ሰሞን ደግሞ እኔ ሳላይ ሽሮዋ ላይ የአጥንት መረቅ ጨመሩባት። ገና አንድ ጉርሻ ስትቀምስ አወቀችና ሁለት ቀን ከቤት የወጣ ምግብ አልነካም አለች። እኛ ሥጋ የምንወድ ቤተሰብ ነን፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሥጋ አይጠፋም። በእነዚያ ቀኖች እሷ ዳቦ በሻይ ወይም ሰላጣ በልታ ትነሳለች። ሰሞኑን ብድግ ስትል ያዞራታል። እኔ ሁለት ዓይነት ወጥ እየሠራሁ ወገቤ ተቆረጠ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የማዞሩን ነገር እንጨርስ፤ የድስቱ ጉዳይ ይደርሳል። ነገ ካልሆነም ከነገ ወዲያ ጤና ጣቢያ ውሰጃትና ሂሞግሎቢኗ ይለካ። በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ልጅ ከ12 በታች ከሆነች ደም አንሷታል ማለት ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ደጋ የሚኖር ሰው ደሙ ወፈር ስለሚል ባለሙያው ቁጥሩን ከከፍታው ጋር አገናዝቦ ያየዋል። ደም ማነስ ከተገኘባት የሚታዘዝላትን የብረት እንክብል ትውሰድ። አንዴ የወረደን ደም በምስር ብቻ እመልሳለሁ ብለሽ ጊዜ አታጥፊ።

እግረ መንገድሽን ስለ ወር አበባዋ ጠይቂያት። ብዙ የሚፈሳት ከሆነ በጉ ያለ ጥፋቱ ተከስሷል። ሌላም የምትጠይቂው አለ፤ እሱን ግን ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ቀስ ብለሽ። ለመክሳት ብላ ይሆን? ባሳደገችው በግ አልቅሳ ሥጋ የተወች ልጅ አንድ ነገር ናት፤ ሥጋን ሰበብ አድርጋ ከምግብ ሁሉ የምትሸሽ ልጅ ሌላ። ሁለተኛይቱ ከሆነች ይህ ዓምድ አይበቃትም፣ ሐኪም ያነጋግራት። ከደብዳቤሽ እንደምረዳው ግን የመጀመሪያይቱ ትመስለኛለች።

አማትሽን አትቆጫቸው። ሥጋ ያልበላ ሰው እንዳልበላ የሚቆጠርበት ዘመን ያደጉ እናት ናቸው፤ መረቁንም የጨመሩት ልጅቷን ላተርፍ ብለው ነው። ግን ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው። እንዲህ ያለው ነገር አንዴ ከተነቃ ልጅቷ ከዚያ ድስት የሚወጣውን ሁሉ መጠርጠር ትጀምራለች፣ ከዚያ በኋላ ማር ብትሰጪያትም አታምንሽም። ቦዘና ሽሮውንም ቢሆን ቦዘና ነው ብላችሁ አቅርቡ፣ እሷ የራሷን ትምረጥ።

የሃይማኖቱን ስጋት ለሰፈራችሁ ሼኅ ተዪው። እኔ እስከማውቀው ሥጋ የተፈቀደ እንጂ የታዘዘ አይደለም፤ ልጅቷ ሐላሉን ሐራም ነው እስካላለች ድረስ አልበላም ማለት ትችላለች። አማትሽ ሐዲስ የሚወዱ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን የዱባ ወጥ ሠርተሽ አጠገባቸው አስቀምጪና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዱባ ይወዱ እንደነበር፣ ከወጡ መሃል ዱባ ዱባውን እየፈለጉ ይበሉ እንደነበር ባልደረባቸው አነስ ያስተላለፉትን አስታውሻቸው። ከዚያ በኋላ ዱባ ‹የጾም ነው› የሚል ካለ እኔ አለሁ።

ደግሞስ ወሎ ላይ ይኼ ምኑ ብርቅ ሆኖ ነው? እኔ ያደግሁት የአባቴ ወገን እስላም፣ የእናቴ ወገን ክርስቲያን በሆነበት ቤት ነው። ሠርግ ሲደርስ ሁለት ዳስ ይጣላል፣ ሁለት ሰንጋ ይወድቃል፤ የዚህኛው ሥጋ ወደዚያኛው ዳስ አይሻገርም። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ግን እንደ ልባቸው ይሻገራሉ። አያቴ ረቡዕና ዓርብ የምትሠራው ክክ ወጥ ሲደርስ የአባቴ እህቶች እጃቸውን ታጥበው ከተፍ ይሉ ነበር፤ ቡናውም እዚያው ይፈላል። ሥጋ የሚያለያየው ሰው፣ ሥጋ በሌለበት ድስት ዙሪያ አንድ ላይ ይበላል። ልጅሽ የምትበላው ከዚያ ድስት ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ ነገር የለውም።

አሁን ወደ ወገብሽ። ‹ሥጋ የምንወድ ቤተሰብ ነን› ብለሻል፤ ቀጥለሽ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ብለሽ ቆጥረሻል። ኧረ እህቴ፣ ሳምንቱ እኮ ሰባት ቀን ነው! በቀሩት አራት ቀኖች ቤቱ ሁሉ የሚበላው እሷ የምትበላውን ነው። መላ የሚፈልጉት ሦስቱ ቀኖች ብቻ ናቸው፣ በእነሱም ቢሆን ሁለት ወጥ ‹ሀ› ብለሽ መጀመር የለብሽም። ወገብሽን የቆረጠው ሁለት ጊዜ ሽንኩርት መክተፍና ሁለት ጊዜ ማቁላላት ነው።

ቁሌቱን አንድ አድርጊው። ሽንኩርቱን ለሁለቱም የሚበቃ አርገሽ ክተፊና በትልቁ ድስት፣ ያለ ዘይት፣ እሳቱን ቀንሰሽ አቁላዪው። ውሃውን መጥጦ ቀለሙ ሲዞር ዘይቱ ይግባ። ከዚያ በርበሬው፤ እንዳያርርብሽ ውሃ ጠብ ጠብ እያረግሽ፣ እያማሰልሽ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሪ። በርበሬው ጥሬ ጥሬ መሽተቱን ትቶ ዘይቱ በድስቱ ዳር ቀይ ሆኖ ብቅ ሲል ቁሌቱ ደርሷል፤ ሥጋው ገና ከማቀዝቀዣው ወይም ከሳህኑ ሳይነሳ ሲሶውን ወደ ትንሹ ድስት ገልብጪው። እዚያ ላይ ምስር፣ ወይም ቀድሞ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ወይም ከዚህ በታች የምነግርሽ በቆልት ይገባል። የቀረው ላይ ሥጋሽን ጨምሪ። ሁለቱም ጎን ለጎን ይበስላሉ፣ ትንሹ ድስት እንዲያውም ቀድሞ ይወርዳል። ወተት ስለምትጠጣ ቅቤም አይከለክላትም፤ በሁለቱም ላይ ጠብ አድርጊ። ጭልፋው ግን ሁለት ይሁን። መረቁን በአንድ ጉርሻ የለየች ምላስ የተነካካ ጭልፋም አያመልጣት።

ገበታው ላይ አንድ ልማድ ለውጪ። በየቤታችን እንጀራው መሃል ላይ የሚፈሰው ሥጋው ነው፤ ሽሮና ጎመን እንደ ዘበኛ ዳር ዳሩን ይቆማሉ። ገልብጪው። የእሷ ወጥ መሃል ይፍሰስ፣ ሥጋው በወንዶቹ በኩል ይቀመጥ። ከአንድ ትሪ ትበላለች፣ ማንም ‹ለብቻዋ› አይላትም። ወንዶቹ ልጆችሽ ምስሩን መሃል ላይ ካገኙት ሳይጠየቁ እንደሚያጠቅሱት እወራረዳለሁ። ስለዚህ ትንሹ ድስት በጣም ትንሽ አይሁን፣ ልጅቷ ሳይደርሳት ያልቅና ሌላ ጠብ ይነሳል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ባልሽ የሚፈራው ፕሮቲን ከሆነ ይተኛ። 50 ኪሎ የምትመዝን የእሷ እኩያ በቀን ከ40 እስከ 45 ግራም ፕሮቲን ይበቃታል። መቶ ግራም ደረቅ ምስር 24 ገደማ አለው፤ 50 ግራም የሽምብራ ሽሮ 10 ያህል፣ እንቁላል 6፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 8፣ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ደግሞ 12 ገደማ። ደምሪው፣ ይሞላል። እህል የሚያንሰውን ላይሲን የሚባል የፕሮቲን ክፋይ ጥራጥሬው ይተካለታል፤ ምስር በእንጀራ የበላ ሰው ሳያውቀው ይህን ሲያደርግ ኖሯል። የሚያጎድለው ወጡ ሲቀጥን ነው። እንጀራ ላይ ሲፈስ መልክ ብቻ የሚሰጥ ቀጭን ሽሮ አለ፤ እሱ ለእንግዳ ብዛት የተፈለሰፈ ነው። ለእሷ ሽሮው ይወፍር፣ በማንኪያ ሲነሳ የሚቆም ይሁን።

ሌላው፣ ሆድ ቶሎ ይሞላባታል። ጎመንና ሰላጣ ቦታ ይይዛሉ፣ ጉልበት ግን አይሰጡም። በዘይት አትሰስቺባት። ሱፍ ፍትፍት፣ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፤ ለትምህርት ቤት ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥ የሽምብራ ቆሎ ከለውዝ ጋር አድርጊላት። በሶም አይናቅም።

የሚከብደው የብረት ጉዳይ ነው። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ሴት ልጅ በቀን 15 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። መቶ ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ግራም አለ፣ ጤፍም አለው፤ ነገር ግን የዕፅዋት ብረት እንደ ሥጋው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። የሚያስገባው የምታውቂው ነገር ነው፤ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ጥሬ ቃሪያ። ምስሩ ከወረደ በኋላ ግማሽ ሎሚ ጨምቂበት፤ ስንግ ቃሪያ ከጎኑ አይጥፋ። ሊጡ በእርሾ በደንብ የቦካ እንጀራም ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ነገር ስለሚያላላው፣ ቸኩሎ ከተጋገረ አፍለኛ እንጀራ ይሻላታል።

የሚከለክለው ደግሞ ሻይና ቡና ነው። ዳቦ በሻይ የሚባለው ምሳዋ ሁለት ጥፋት በአንድ ብርጭቆ ነው፤ ብረት እምብዛም የለውም፣ ያለችውንም ትንሽ ነገር ሻዩ ይዞ ይወጣል። ቢያንስ አንድ ሰዓት በምግቡና በሻዩ መካከል ይግባ። ወሎ ላይ ተቀምጦ ‹ቡናችሁን አዘግዩ› ብሎ መጻፍ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ትሪው ሳይነሳ ጀበናው የሚጣድበት ቤት ነው ያላችሁ። አማትሽን አቦል ይቅርብዎ ልትያቸው አትችዪም፣ እኔም አልልም። ልጅቷ ግን ዱአው ላይ ትቀመጥ፣ ቄጠማውን ትጎዝጉዝ፣ እጣኑን ታጭስ፣ ከሲኒው ትለፍ፤ ወይ በረካው ላይ ትድረስ።

በቆልቱን እንዲህ ሥሪው። ባቄላውን ለቅመሽ አጥበሽ ማታ በብዙ ውሃ ንከሪው። ጠዋት ውሃውን ድፊና ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለሽ ወንፊት ላይ አስቀምጪው፣ ከስሩ ውሃ እንዳይጠራቀም። ጠዋትና ማታ አለቅልቀሽ መልሰሽ ጠቅልዪው። ኮምቦልቻ ቢሆን በሁለት ቀን አፍንጫው ብቅ ይላል፤ የደሴ ብርድ ግን ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ምድጃው አጠገብ ብታደርጊው ይፈጥናል። ቡቃያው የጥፍር ጫፍ ሲያህል ይበቃል። ካስረዘምሽው ይመርራል። ሽታው እንደ እርጥብ አፈር መሆን አለበት፤ ጎምዘዝ ካለሽ ወይም ከተዝለገለገ ድፊው። ከዚያ ቅርፊቱን በሁለት ጣት ጫን ስትዪው ፍሬው ዘሎ ይወጣል። ይኼን ሥራ ለወንዶቹ ልጆች ስጪ፣ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያስወነጭፉታል፣ በኋላ ይለምዳሉ። ቀቅለሽ ቁሌቱ ላይ ጨምሪው፤ ወይም ያለ በርበሬ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቃሪያና በሎሚ። የበቀለ ጥራጥሬ ብረቱን የሚያስረው ነገር ይቀንስለታል፣ ሆድም ያን ያህል አይነፋም። ጊዜ በሌለሽ ቀን ደግሞ ከቃሉ ወረዳ የሚመጣው ማሾ የሚባል ጥራጥሬ አለ፤ ሳይነከር ቶሎ ይበስላል፣ ከሰልም አይጨርስም።

ስለ ሽሮ አንድ የማልዘለው ነገር አለ። የተፈጨ ሽሮ ከገበያ አትግዢ። ይቺ ልጅ ከእንግዲህ ሽሮ የምትበላው በየቀኑ ነው፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ ደግሞ ጓያ ይግባበት አይግባበት በዓይን አይለይም። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር እንደሚያሽመደምድ ወሎ ከማንም በላይ ያውቃል፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰው ሽባ ያደረገው እሱ ነው። በወጥ መካከል የገባ ትንሽ ጓያ ያን ያህል አያደርስም፣ ቢሆንም ለምን? ከጃማ ወይም ከደላንታ የመጣ ሽምብራ ሰኞ ገበያ ወርደሽ በፍሬው ግዢ። ጓያው ጠፍጠፍ ያለ፣ መጥረቢያ የሚመስል፣ ማዕዘን ያለው ፍሬ ነው፤ ስትለቅሚ ይታይሻል። ቆልተሽ፣ ቅመሙን ከተሽ ወፍጮ ቤት አስፈጪው።

‹ክርስቲያኖቹ ስንት ቀን እየጾሙ ምን ሆኑ?› የሚል ጎረቤት አይጠፋም። እውነት ነው፣ ነገር ግን ጾም ይፈታል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከዚያ ዶሮው አለ፣ ቅቤው አለ። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ የሚገኝ ነገር ጉበት ውስጥ ለዓመታት ስለሚከማች ጿሚውን ጾሙ አይጎዳውም። ልጅሽ ግን የምትፈታበት ቀን የላትም። በቀን 2.4 ማይክሮ ግራም ያስፈልጋታል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት አንድ ማይክሮ ግራም ያህሉን ይሰጣታል፣ እንቁላል ግማሽ ማይክሮ ግራም ያህል። ስለዚህ ወተቱ፣ እርጎው ወይም አይቡ በየቀኑ፣ እንቁላሉም በተቻለ መጠን ይኑር። የወተት ዋጋ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሐሙስ ከምትገዥው ሥጋ ሩብ ኪሎ ብትቀንሺ ለወተቱ ይተርፋል፣ ወንዶቹም አይጎዱም። አንድ ቀን ወተቱንም እንቁላሉንም ትቻለሁ ካለችሽ ያኔ የቢ12 እንክብል የግድ ነው። ይኼን ካሁኑ ንገሪያት፣ ውሳኔውን ዋጋውን አውቃ ታድርገው። ዓሣ ትበላ እንደሆነም ጠይቂያት፤ የሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው። በጉን እንጂ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አላሳደገችም፣ ማን ያውቃል።

እና ልጅቷ ወጥ መሥራት ትማር። የራሷን ምግብ የመረጠች ሰው ሽንኩርቱንም ትክተፍ። ማክሰኞ የቁሌቱ ተራ የእሷ ይሁን፤ ሐሙስ የትልቁ ወንድሟ። እሱ ሥጋ ስለሚበላ ከመክተፍ ነጻ ነው ያለው ማን ነው?

መጪው አረፋ ያሳስብሻል ብዬ ገምቻለሁ። በግ ታርዳላችሁ፣ ማረዳችሁም አይቀር፤ እሷ ሌላ በግ እንድታሳድግ ግን አታድርጊ፣ ለዒዱ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ይገዛ። በዕለቱ ሲታረድ ቤት አትሁን፣ ከአክስቷ ዘንድ ትዋል። ስትመለስ ሥጋው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይቆያታል፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለዘመድ፣ አንዱ ለድሃ። የድሃውን ድርሻ በፌስታል ተቋጥሮ እንዳለ ይዛ የምታዞረው እሷ ትሁን፣ ፈቃደኛ ከሆነች። ካልፈለገች ምጣዱ ላይ ሳምቡሳ በምስር እየጠበሰች ትቆይ፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው እንግዳ ሥጋ ጠግቦ ነው የሚመጣው፣ እጁ የሚዘረጋው ወደ ሳምቡሳው ነው።

የሂሞግሎቢኑን ቁጥር ስታገኚ ጻፊልኝ። ባቄላውን ግን ዛሬ ማታ ንከሪው፣ ለቅዳሜ ይደርሳል።